የትኛው ምድብ ነው የሚከብደው? የኤንኤችኤል ምድቦችን በደብተርና በእስክሪብቶ የማወዳደሪያ ዝርዝር መመሪያ

ጎጃም ውስጥ አይስ ሆኪ የሚከታተል ሰው ብዙ አይደለም። ያለው ግን ከልቡ ነው የሚከታተለው። ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ የመጣው በዘመድ በኩል ነው። አክስቱ ኤድመንተን ያለችው ኦይለርስን ይዟል። ወንድሟ ካልጋሪ የሄደባት ፍሌምስን ትደግፋለች። ቶሮንቶ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዋሽንግተን፤ የሐበሻ ልጅ በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች ብዙዎቹ የሆኪ ከተሞችም ናቸው። ባህር ዳር ጭማቂ ቤት ውስጥም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ካልጋሪ በሚደወል ስልክ፣ ወሬው ሲሞቅ ክርክሩ አንድ ቦታ ይደርሳል። «የኛ ነጥብ ያነሰው ምድባችን ከባድ ስለሆነ ነው።» «የናንተማ ምድብ ቀላል ነው፤ እኛ ጋ ብትሆኑ ስድስተኛ ነበራችሁ።»

ይህ ክርክር መልስ አለው። የሚጠይቀው መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። አንድ ባለ ካሬ ደብተር፣ እስክሪብቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃችኋል። ቪዲዮ ማየት አያስፈልግም፤ የደረጃ ሠንጠረዡ ጽሑፍ ስለሆነ ኔትወርክ ሲቆራረጥም ቶሎ ይከፈታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እርምጃ 1፦ አደረጃጀቱን ደብተሩ ላይ አስፍሩ

ኤንኤችኤል የአሜሪካና የካናዳ ቡድኖች የሚጫወቱበት የአይስ ሆኪ ሊግ ነው፤ 32 ቡድኖች አሉት። በሁለት ኮንፈረንስ ይከፈላሉ፤ ምሥራቅና ምዕራብ። በምሥራቅ አትላንቲክና ሜትሮፖሊታን፣ በምዕራብ ሴንትራልና ፓሲፊክ የሚባሉ ምድቦች አሉ። በእያንዳንዱ ምድብ 8 ቡድን አለ። አራት ምድብ የሆነው ከ2013–14 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ስድስት ነበሩ። ሲያትል በ2021–22 ሲገባ ቁጥሩ 32 ሞላና ምድቦቹ እኩል ሆኑ። ይህ እኩልነት ለስሌታችን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ቁጥር። በ82 ጨዋታ የውድድር ዓመት አንድ ቡድን ከራሱ ምድብ ጋር 26 ጊዜ ይጫወታል። በዚያው ኮንፈረንስ ካለው ጎረቤት ምድብ ጋር 24 ጊዜ፤ ለእያንዳንዱ ተጋጣሚ 3 ጊዜ ማለት ነው። ከሌላው ኮንፈረንስ 16 ቡድኖች ጋር ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 32።

ይህንን በስምንት ቡድን ስናባዛ የሚከተለው ይወጣል። አንድ ምድብ በውስጡ 104 ጨዋታ ያደርጋል። 26 በ8 ተባዝቶ 208 ሲሆን፣ አንድ ጨዋታ ሁለት ቡድን ላይ ስለሚቆጠር ለሁለት ይካፈላል። ከጎረቤት ምድብ ጋር 192 ጨዋታ አለው። ከሌላው ኮንፈረንስ ሁለት ምድቦች ጋር ደግሞ 128 ከአንዱ፣ 128 ከሌላው። ስለዚህ ከምድቡ ውጪ በድምሩ 448 ጨዋታ ያደርጋል። 104 እና 448 የሚሉትን ቁጥሮች ደብተሩ ራስጌ ላይ ጻፏቸው። እስከ መጨረሻው ይፈለጋሉ።

እርምጃ 2፦ «ከባድ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ

ብዙ ክርክር የማያልቀው ሁለቱ ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ነው። አንዱ የምድቡን አማካይ ጉልበት ይጠይቃል። ሌላው ከምድቡ ወደ ጥሎ ማለፍ መግባት ምን ያህል ይከብዳል ይላል። ሦስተኛው የሚያየው አናት ላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ቡድኖች ብቻ ነው። ሦስቱም ደህና ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ግን አንድ ላይሆን ይችላል። እኔ ከአማካዩ እጀምራለሁ፤ እሱ ሳይታወቅ ሌሎቹ መሬት አይዙም።

እርምጃ 3፦ የምድብ ውስጥ ጨዋታን አውጡ

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው። አንድ ምድብ በራሱ ውስጥ የሚያደርገው ጨዋታ ስለ ምድቡ ጥንካሬ ምንም አይነግረንም።

ገና የተጫወተ ሰው ይህንን ያውቀዋል። የላይ ሰፈር ልጆች ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ቢጫወቱ አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ ይሸነፋል። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ይበልጥ እንደሆነ ግን ከዚያ ማንም አያውቅም። የሚታወቀው ሁለቱ ሰፈሮች ገጥመው ጥንጉ መሐላቸው ሲመታ ነው።

በቁጥር ሲነገር፦ ሁለት የአንድ ምድብ ቡድኖች ሲጋጠሙ ምድቡ አንድ ድልና አንድ ሽንፈት ያገኛል። ሲቀናነስ ዜሮ ነው። 104ቱም ጨዋታ እንደዚያው። ስለዚህ የስምንቱን ቡድኖች ድል ደምራችሁ የስምንቱን ሽንፈት ስትቀንሱ፣ የምድብ ውስጥ ጨዋታዎች ራሳቸው ይጣፋሉ። የሚተርፈው ቁጥር በሙሉ ከውጪ የመጣ ነው። «ከማን ጋር ስንት አሸነፈ» የሚል ዝርዝር ፍለጋ መንከራተት የለም። ተራው ሠንጠረዥ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዛሬ ሠንጠረዡ ላይ ሽንፈት በሁለት ዓምድ ተከፍሎ ነው የሚጻፈው። «ኤል» የሚለው በመደበኛ ሰዓት የተሸነፈበት ነው። «ኦቲኤል» የሚለው በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈበት። ሁለቱንም ሽንፈት ብላችሁ ደምሩ። ኦቲኤልን ከረሳችሁ አራቱም ምድቦች አሸናፊ መስለው ይታያሉ፤ ያ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ሥራችሁን ለመፈተሽ የአራቱን ምድቦች ውጤት ደምሩ። ዜሮ ካልመጣ አንድ ቦታ ቁጥር ተሳስቷል።

እርምጃ 4፦ በአንድ እውነተኛ ዓመት ተለማመዱ

ለመለማመድ ከ1967–68 የተሻለ ዓመት የለም። ሊጉ በአንድ ጊዜ ከ6 ቡድን ወደ 12 ያደገበት ዓመት ነው። ስድስቱ ነባር ቡድኖች በሙሉ ምሥራቅ ምድብ ገቡ። ስድስቱ አዲሶች ደግሞ ምዕራብ ምድብ። በዚያን ጊዜ ለተሸናፊ የሚሰጥ ነጥብ አልነበረም። አቻ ይፈቀድ ነበር፤ ድል 2፣ አቻ 1። እያንዳንዱ ቡድን 74 ጨዋታ አደረገ፤ 50 በምድቡ ውስጥ፣ 24 ከሌላው ምድብ ጋር።

የደብተሩን ገጽ በሁለት ክፈሉት። ግራው ላይ ምሥራቅን ጻፉ፤ መጀመሪያ ድል፣ ቀጥሎ ሽንፈት። ሞንትሪያል 42 እና 22። ኒውዮርክ ሬንጀርስ 39 እና 23። ቦስተን 37 እና 27። ቺካጎ 32 እና 26። ቶሮንቶ 33 እና 31። ዲትሮይት 27 እና 35። ድሉ ሲደመር 210፣ ሽንፈቱ 164። ልዩነቱ 46።

ቀኙ ላይ ምዕራብ። ፊላደልፊያ 31 እና 32። ሎስ አንጀለስ 31 እና 33። ሴንት ሉዊስ 27 እና 31። ሚኔሶታ 27 እና 32። ፒትስበርግ 27 እና 34። ኦክላንድ 15 እና 42። ድል 158፣ ሽንፈት 204። ልዩነቱ ከዜሮ በታች 46። ሁለቱ ገጾች ልክ ተገጣጠሙ።

በነጥብም ሞክሩት። የምሥራቅ ስድስቱ ነጥብ ሲደመር 490 ነው፤ የምዕራብ 398። በእያንዳንዱ ምድብ ውስጥ 150 ጨዋታ ነበረ፤ በ2 ነጥብ ሲባዛ 300። ይህ 300 ምድቡ ደካማም ይሁን ጠንካራ የማይቀር ነው። ቀንሱት። ለምሥራቅ 190፣ ለምዕራብ 98 ይቀራል። በሁለቱ መካከል ከተደረገው 144 ጨዋታ ምሥራቅ ከመቶ 66 የሚሆነውን ነጥብ ወሰደ ማለት ነው።

አሁን ሠንጠረዡን እንደገና እዩት። ፊላደልፊያ ካሸነፈው ይልቅ የተሸነፈው በልጦ፣ በ73 ነጥብ የምዕራብ ምድብ አንደኛ ሆነ። ቶሮንቶ በ76 ነጥብ ከምሥራቅ አምስተኛ ወጥቶ ጥሎ ማለፍ እንኳ አልገባም። ይህ ለቶሮንቶ ደጋፊ የሚያንገበግብ ነገር ነው፤ ቅሬታውም ትክክል ነበር። ቁጥሩ በግልጽ ይመሰክርለታል።

እርምጃ 5፦ የተሸናፊውን ነጥብ አጥሩ

ዛሬ ሥራው ትንሽ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1999–2000 ጀምሮ በተጨማሪ ሰዓት የተሸነፈ ቡድን 1 ነጥብ ያገኛል። በ2005–06 መለያ ምት ሲመጣ አቻ ጨርሶ ቀረ። ስለዚህ በመደበኛ ሰዓት ያለቀ ጨዋታ 2 ነጥብ ያከፋፍላል። ተጨማሪ ሰዓት የገባው 3 ነጥብ።

ውጤቱ ምንድን ነው? አንድ ምድብ እርስ በርሱ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ከገባ ነጥቡ ያለ ጥንካሬ ያብጣል። ከ104 የውስጥ ጨዋታ 25ቱ ተጨማሪ ሰዓት ቢገቡ 25 ትርፍ ነጥብ ምድቡ ውስጥ ይፈጠራል። ለአንድ ቡድን ሦስት ነጥብ ገደማ ነው። በሦስት ነጥብ ጥሎ ማለፍ የሚገባና የሚቀር ይለያል። ስለዚህ የምድቦችን ድምር ነጥብ እንዳለ አስቀምጦ «የኛ ይበልጣል» ማለት አይሠራም።

ሌላም ነገር አለ። ነጥብ በመቶኛ ሲጻፍ ሰው 50ን መሐል አድርጎ ያስባል። ዛሬ ግን የሊጉ አማካይ ከ50 በላይ ነው፤ 55 ከመቶ አካባቢ። 53 ከመቶ ያለው ቡድን ከአማካይ በታች ነው።

የፍሎሪዳን የ2011–12 ውጤት ተመልከቱ። 38 ድል፣ 26 የመደበኛ ሰዓት ሽንፈት፣ 18 የተጨማሪ ሰዓት ሽንፈት። በአጠቃላይ 44 ጊዜ ተሸንፎ 94 ነጥብ ያዘ። በዚህ ነጥብ የደቡብ ምሥራቅ ምድብ አንደኛ ሆነ። በዚያን ጊዜ የምድብ አሸናፊ ከኮንፈረንሱ ከ1 እስከ 3 ያለውን ተራ ይይዝ ስለነበር ሦስተኛ ተባለ። 103 ነጥብ የነበረው ፊላደልፊያ አምስተኛ ነበር። ከባድ ምድብና ቀላል ምድብ ሲባል እንዲህ ያለውን ነው።

መፍትሔው የዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን በውድድሮቹ የሚጠቀምበት አቆጣጠር ነው። በመደበኛ ሰዓት ያሸነፈ 3። በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት ያሸነፈ 2። እንደዚያ የተሸነፈ 1። በመደበኛ ሰዓት የተሸነፈ 0። እያንዳንዱ ጨዋታ 3 ነጥብ ያከፋፍላል፤ አንዱም አያብጥም። ሠንጠረዡ ላይ «አርደብሊው» የሚል ዓምድ አለ፤ የመደበኛ ሰዓት ድል ነው። ያንን በ3 አባዙ። ከጠቅላላው ድል አርደብሊውን ቀንሱና የቀረውን በ2 አባዙ። ኦቲኤልን እንዳለ ደምሩ።

ሁለት ቡድን ለምሳሌ እንውሰድ። አንደኛው 45 ድል አለው፤ 35ቱ በመደበኛ ሰዓት፤ ኦቲኤል 10። ሁለተኛው 44 ድል፤ በመደበኛ ሰዓት 26 ብቻ፤ ኦቲኤል 12። ሁለቱም ሠንጠረዡ ላይ 100 ነጥብ ናቸው። በአዲሱ አቆጣጠር የመጀመሪያው 135 ይሆናል፣ ሁለተኛው 126። አማካይ ቡድን 123 ያገኛል። ሁለተኛው ከአማካይ ብዙም አልራቀም፤ 100 የሚለው ቁጥር ግን ትልቅ አስመስሎታል።

የምድቡን ስምንት ቡድኖች በዚህ አቆጣጠር ደምሩ። ከዚያ ላይ የውስጡን 312 ቀንሱ፤ 104 በ3 ማለት ነው። የሚቀረው ከውጪ የተገኘ ነጥብ ነው። ከፍተኛው 1344 ነው። ግማሹ 672። ምድባችሁ ከ672 በላይ ከሆነ ከሌሎቹ አማካይ ይበልጣል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ያንሳል። አንድ ምድብ ስንት ነጥብ ከውጪ እንዳመጣ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ መለኪያ እኔ አላየሁም።

እርምጃ 6፦ የግብ ክፍያውን ደምሩ

ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው። እኔ በግሌ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። በምድብ ውስጥ የተቆጠረ ግብ ለአንዱ ሲደመር ለሌላው ይቀነሳል፤ ድምሩ ዜሮ። ስለዚህ የስምንቱን ቡድኖች የግብ ክፍያ ብትደምሩ የሚመጣው ከውጪ ምድቦች ጋር የተገኘው ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ምድብ እንዲህ ነው እንበል፦ ሲደመር 48፣ 31፣ 22፣ 5፤ ሲቀነስ 3፣ 14፣ 27፣ 40። የላይኞቹን ያየ ሰው ይደነግጣል። ድምሩ ግን 22 ነው። ለ448 ጨዋታ ሲካፈል በአንድ ጨዋታ 0.05 ግብ እንኳ አይሞላም። በሆኪ አንድ ድል የስድስት ግብ ያህል ዋጋ አለው፤ ስለዚህ 22 ግብ አራት ድል ገደማ ነው። ያ ምድብ አማካይ ምድብ ነው። ሁለት ኃያላን ቡድኖች ስላሉት ብቻ ከባድ አይባልም።

ስለ ግብ ሁለት ነገር እወቁ። በመለያ ምት ላሸነፈ ቡድን አንድ ግብ ውጤቱ ላይ ይጨመርለታል። ሲመራ የቆየ ቡድን ደግሞ መጨረሻ ላይ ባዶ መረብ ያገኛል፤ ተጋጣሚው ግብ ጠባቂውን አውጥቶ ስድስተኛ ተጫዋች ስለሚያስገባ። የአንድ ግብ ጨዋታ የሁለት ወይም የሦስት ሆኖ ያልቃል። በስምንት ቡድን ድምር ላይ ይህ ብዙ አያዛባም። አንድን ቡድን ለብቻው ስትመዝኑ ግን አስቡበት።

እርምጃ 7፦ ልዩነቱ ዕድል ይሁን እውነት ለዩ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው። መዝለል የለበትም። ሁለት ፍጹም እኩል ምድቦች 192 ጊዜ ቢጋጠሙ 96 ለ96 ያልቃል ማለት አይደለም። ፐክ (የሆኪው ጥንግ) ምሰሶ ይመታል፣ ግብ ጠባቂ ይታመማል። ዕድል ብቻውን ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈጥር ለማወቅ የጨዋታውን ብዛት ስኩዌር ሩት አውጡ። ካልኩሌተሩ ላይ ምልክቱ አለ።

የ192 ስኩዌር ሩት 14 ገደማ ነው። ድል ሲቀነስ ሽንፈት እስከ 14 ድረስ ከሆነ ተራ ዕድል ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ 103 ለ89 ያለቀ ፍልሚያ ልዩነቱ 14 ነው፤ በዚህ ላይ ማንም ሊፎክር አይገባም። እጥፉን፣ 28ን ሲያልፍ ነው «አዎ፣ ይበልጣሉ» የሚባለው። ለ448 ጨዋታ ስኩዌር ሩቱ 21 ነው፤ እጥፉ 42። ለ128 ደግሞ 11፣ እጥፉ 22 አካባቢ።

ወደ 1967–68 እንመለስ። 144 ጨዋታ፤ ስኩዌር ሩቱ 12። ልዩነቱ 46። አራት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ዕድል ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። በአሁኑ ዘመን ግን የቡድኖች ደመወዝ ጣሪያ አለው፤ አዲስ ተጫዋች ሲመረጥም ደካማው ቡድን ቅድሚያ ያገኛል። ስለዚህ ምድቦቹ ይቀራረባሉ። ስትሠሩት አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ግልጽ ልዩነት የለም» ይሆናል። ይህም ሙሉ መልስ ነው። የካልጋሪው ጋሼ «ምድባችን ሲኦል ነው» ሲልህ፣ ደብተርህን ከፍተህ በአክብሮት ልታሳየው ትችላለህ።

እርምጃ 8፦ ከማን ጋር እንደተጫወቱ እዩ

ከ448ቱ የውጪ ጨዋታ 192ቱ ከአንድ ጎረቤት ምድብ ጋር ነው። ከመቶ 43 ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ምድብ ጎረቤቱ ደካማ ከሆነ ድምሩ ያምራል። ሴንትራል ጥሩ የመሰለው ፓሲፊክ ስለደከመ ሊሆን ይችላል።

ይህንን ለማየት አራት በአራት ሣጥን ሥሩ። ከላይና ከጎን የአራቱን ምድቦች ስም ጻፉ። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ የጎኑ ምድብ በላዩ ላይ ያገኘውን ድልና ሽንፈት አስገቡ። እዚህ ጋ የቡድኖቹ ዝርዝር ውጤት ያስፈልጋል፤ ሥራው ረዘም ይላል። ሣጥኑ ሲሞላ ሦስቱን የውጪ ምድቦች ለየብቻ አስሉና ሦስቱን መቶኛ እኩል ክብደት ሰጥታችሁ አማካዩን ያዙ። ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ ስለተቆጠረ ብቻ ሚዛኑን አይጎትትም።

የጉዞ ጉዳይም አለ። የፓሲፊክ ቡድኖች ከቫንኩቨርና ከኤድመንተን እስከ አናሃይምና ላስ ቬጋስ ተበትነዋል። የሜትሮፖሊታኖቹ ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ፊላደልፊያ ደግሞ ለአውቶቡስ ጉዞ ያህል ይቀራረባሉ። ድካሙ ውጤት ላይ ይገባል። የምድብ ጥንካሬ ስንለካ ግን እኔ አልቀንሰውም፤ የትም ቢሆን ያው ቡድን ነው የሚጫወተው።

እርምጃ 9፦ ቅርጹን መርምሩ

አማካዩን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ኑ። ከዚህ ምድብ መውጣት ምን ያህል ይከብዳል? ጥሎ ማለፍ የሚገቡት ከእያንዳንዱ ምድብ ሦስት ናቸው። ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ ደግሞ ከቀሩት ውስጥ ብዙ ነጥብ ያላቸው ሁለት ቡድኖች በዋይልድ ካርድ ይጨመራሉ። ስለዚህ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ቡድን ጉልበት ለብቻ እዩ። አንድ እጅግ የደከመ ቡድን የምድቡን ድምር ይጎትታል፤ ላይኞቹ ላይ የሚደርሰውን ፉክክር ግን አያቀልም።

በ2016–17 ሜትሮፖሊታን ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ዋሽንግተን 118፣ ፒትስበርግ 111፣ ኮሎምበስ 108፣ ሬንጀርስ 102 ነጥብ ነበራቸው። አትላንቲክን ሞንትሪያል በ103 መራ፤ ሁለተኛው ኦታዋ 98 ነበር። ኮሎምበስ በ108 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ በመጀመሪያው ዙር ፒትስበርግ ደረሰው፤ ተሸነፈ። ሬንጀርስ አራተኛ ስለሆነ በዋይልድ ካርድ ወደ አትላንቲክ በኩል ተሻገረና ሞንትሪያልን አሸነፈ። ከከባድ ምድብ አራተኛ መውጣት ሦስተኛ ከመውጣት የተሻለ መንገድ የከፈተበት ዓመት ነበር። ይህ የሊጉ አሠራር ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

እርምጃ 10፦ ጥሎ ማለፉን በመጠኑ ተጠቀሙበት

«ዋንጫውን የወሰደው ከኛ ምድብ ነው» የሚለው ክርክር ደካማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በአብዛኛው በምድብ ውስጥ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ምንም እንደማይነግሩን አይተናል። ምድቦች በብዛት የሚገናኙት በኮንፈረንስ ፍጻሜና በስታንሊ ካፕ (በሊጉ ዋንጫ) ፍጻሜ ነው። ጥቂት ቡድን፣ ጥቂት ጨዋታ። በ2018–19 ታምፓ ቤይ 62 ጨዋታ አሸንፎ በመጀመሪያው ዙር 4 ለ0 በኮሎምበስ ተባረረ። በ2022–23 ቦስተን በ135 ነጥብ ክብረ ወሰን ሰብሮ በመጀመሪያው ዙር በፍሎሪዳ ተሸነፈ። ከ82 ጨዋታ የተገኘን መረጃ በሰባት ጨዋታ መሻር አይቻልም።

ጥሎ ማለፉ በደንብ የሚናገርበት ጊዜ ግን አለ። ከ1967–68 ጀምሮ ለሦስት ዓመት የምዕራብ ምድብ የጥሎ ማለፍ አሸናፊ ለፍጻሜ ከምሥራቁ ጋር ይገናኝ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ሴንት ሉዊስ ደረሰ። በ1968ና በ1969 ሞንትሪያል፣ በ1970 ቦስተን፤ ሁሉም 4 ለ0። 12 ጨዋታ፣ 12 ሽንፈት። ደብተሩ ቀድሞ የነገረንን ነው በረዶው ላይ ያየነው።

እርምጃ 11፦ ድልድይ የሌለበትን ዓመት አታወዳድሩ

በ2020–21 በኮቪድ ምክንያት ቡድኖች 56 ጨዋታ ብቻ አደረጉ፤ ያውም በሙሉ በምድባቸው ውስጥ። ሰባቱ የካናዳ ቡድኖች ሰሜን በሚባል አንድ ምድብ ተዘጉ። ያን ዓመት የአራቱም ምድቦች ድል ሲቀነስ ሽንፈት ዜሮ፣ የግብ ክፍያቸውም ዜሮ ነው። ብትሠሩት ታዩታላችሁ። ሞንትሪያል ከሰሜን አራተኛ ወጣ፤ 59 ነጥብ፤ 24 ድልና 32 ሽንፈት። ሰው ሁሉ ደካማ ነው አለ። ቶሮንቶን፣ ዊኒፔግን፣ ቬጋስን አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በታምፓ ቤይ በአምስት ጨዋታ ተሸነፈ። ሰሜን ምድብ ከባድ ነበር ወይ? የመደበኛው ውድድር ቁጥር ለዚህ አንዲት ቃል የለውም። ያን ዓመት የሚያነሳ ተከራካሪ ካጋጠማችሁ ይህንን ብቻ ንገሩት። የ2012–13ም ተመሳሳይ ነው፤ ምሥራቅና ምዕራብ በመደበኛው ውድድር አልተጋጠሙም።

እርምጃ 12፦ መቼ እንደምትሠሩት ወስኑ

ውድድሩ የሚጀምረው በእኛ መስከረም ማብቂያ ነው። በጥቅምት የሚወጣ ቁጥር ከንቱ ነው። ገና ሲደርስ ቡድኖቹ 40 ጨዋታ አካባቢ ስለሚጫወቱ ለመጀመሪያ ሥራ ያ ጊዜ ይመቻል። በዓመቱ መሐል ስትሠሩ 104 እና 312 አይሠሩም፤ የውስጥ ጨዋታው ገና አላለቀም። ድል ሲቀነስ ሽንፈትና የግብ ክፍያ ግን በማንኛውም ቀን ይሠራሉ። የተጫዋች ዝውውር የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በየካቲት መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ በኋላ እንደገና ሥሩት። የመጨረሻው ሥራ በሚያዝያ፣ መደበኛው ውድድር ሲያልቅ።

የቀኑ ሰዓትም ወሳኝ ነው። በክረምታቸው ምሥራቅ ዳር ማታ የሚጀምር ጨዋታ እኛ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ካሊፎርኒያ የሚጀምረው ንጋት 12 ሰዓት ገደማ፤ የሚያልቀው ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ። ማልዳችሁ ሠንጠረዡን ከገለበጣችሁ የምሥራቁ ውጤት ገብቶ የፓሲፊኩ ሳይገባ ታገኙታላችሁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ገልብጡ።

ከ2026–27 ጀምሮ የአንድ ቡድን ጨዋታ ወደ 84 ከፍ ይላል። የተጨመሩት ሁለቱ የምድብ ውስጥ ጨዋታዎች ናቸው። ስለዚህ ደብተሩ ራስጌ ላይ 104ን ሰርዛችሁ 112 ጻፉ፤ 312ንም 336። 448 ባለበት ይቆያል።